«ካምቢዮው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

በዚህ በአሜሪካ አገር ክረምት ስንል ከአገራችን ክረምት ጋር የሚገናኘው በወሩ እንጂ በጠባዩ አይደለም። በሰኔና በሐምሌ አገር ቤት ዝናቡ ሲወርድ እዚህ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኛም ተማሪዎች ለመጪው ዓመት የቤት ኪራይና የመጻሕፍት መግዣ ለማጠራቀም ወደየሥራው እንሰማራለን። ከመካከላችን ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ በመቃብር ቦታዎችና በመናፈሻዎች ሣር በማጨድ ይውላሉ። ሣር ታጭዶ ለከብት በሚሰጥበት ወይም ለዓውደ ዓመት በሚጎዘጎዝበት አገር ያደገ ሰው፣ የታጨደውን እዚያው በትኖ መሄድ በመጀመሪያው ሳምንት ይከነክነዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይለምደዋል። የማይለመደው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተቀምጠው የሚነዱት የማጨጃ መኪና ዳገቱ መካከል ሲደርስ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልዞርም ሲል ነው።

በዚህ ጊዜ የሥራው ኀላፊ ይመጣል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ትራንስሚሽኑ ሞቷል» ይላል፤ ቀጥሎም ዐይኑን ወደ ነጂው ያዞራል። ይህች ቃል ቀላል ቃል አይደለችም። አዲስ ሣጥን ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ካረጀችው መኪና ዋጋ አብዛኛውን ሊወስድ ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ መኪናዋ በዚች ቃል ብቻ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ትጣላለች፤ ነጂውም «ያቃጠላት እሱ ነው» ይባላል። እኛ ግን ባለፉት ክረምቶች ካየነውና ከሠራነው እንደ ተረዳነው፣ ሣጥኑ ሊከሰስ የሚገባው ሌሎቹ ሁሉ ተመርምረው ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ከሣጥኑ በፊት የሚመረመሩት ነገሮች በጥቂት ዶላር የሚገዙ፣ አንዳንዶቹም ያለ ምንም ወጪ የሚቃኑ ናቸውና፣ ምርመራው በምን ተራ መካሄድ እንዳለበት ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። የአገራችን መካኒኮች ከጣሊያኖች በወረሱት ቃል «ካምቢዮ» የሚሉት የመኪና ማርሽ የሚለወጥበትን ሣጥን ነው። በማጨጃዋ ላይ ግን ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ተለያይተው አይቀመጡም፤ ሁሉም በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል በአንድ የአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ተጠቃልለው ይገኛሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች «ሣጥኑ» ስንል ይህንኑ ሁሉ ማለታችን ነው።

በአሁኑ ጊዜ ከሚሸጡት ማጨጃዎች በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው በዘይት ግፊት የሚሠራው ሣጥን ነው። አሠራሩን ሳያውቁ በሽታውን መለየት አይቻልም፤ አሠራሩም ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው ውበት አለውና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ትንሽ ፓምፕ ያዞራል። የፓምፑ ልብ እንደ ሽጉጥ ጥይት መያዣ ዙሪያውን የተበሳ ክብ ብረት ነው፤ በየቀዳዳው ጣት የሚያህል ፒስተን ይገባል። የፒስተኖቹ ራስ የሚያርፈው ዘንበል ሊል በሚችል ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ምንም ሳያዘነብል ሲቆም ፒስተኖቹ ከክቡ ጋር ይዞራሉ እንጂ አይወጡም አይገቡም፤ ዘይትም አይገፉም፤ መኪናዋም ሞተሯ እየሠራ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሳህኑ በጥቂቱ ሲያዘነብል ፒስተኖቹ በየዙሩ ትንሽ ገብተው ትንሽ ይወጣሉ፤ ትንሽ ዘይትም ይገፋሉ። አብዝቶ ሲያዘነብል ብዙ ይገፋሉ። ወደ ሌላው ወገን ካዘነበለ ደግሞ ዘይቱ በተቃራኒው መንገድ ይሄድና መኪናዋ ወደ ኋላ ትነዳለች። በእግራችን የምንረግጠው መርገጫ ሌላ ሥራ የለውም፤ ይህችን ሳህን ማዘንበል ብቻ ነው። የተገፋው ዘይት ከፓምፑ ጋር በሚመሳሰል ሌላ ክብ ብረት ውስጥ ገብቶ ያዞረዋል፤ እሱም በማርሽና በዲፈረንሻል በኩል ጎማዎቹን ያዞራል። ማርሽ መለወጥ የለም፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የለም።

ነገሩ ከሣር ማጨድ ጋር የተወለደ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ መኪና የባለቤትነት መብት ሲያወጣ መኪናውን የሚገፋው ሰው ነበር። ፒስተንና ያዘነበለ ሳህን ያለው የዘይት ማስተላለፊያ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ ሲወጣ የተፈለገው ለሣር ሳይሆን ለመድፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 «ቨርጂኒያ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ መድፎቹን ለማዞርና ከፍ ዝቅ ለማድረግ ተገጠመ። የጦር መርከብ መድፍ ያዞር የነበረው ሐሳብ ዛሬ በመቃብር ቦታ ሣር ያሳጭዳል ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛው፣ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የደረሰበትን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። ዘይት ሲጨመቅ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ ፓምፑ ጎማውን ከመግፋት ይልቅ አየሩን በመጭመቅ ይደክማል። ሁለተኛው፣ በፒስተኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ከራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ዘይቱን የሚይዘው ይህ ጥበት ብቻ ነው። ብረቱ ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፣ ወይም ዘይቱ ግሎ ሲቀጥን፣ ግፊቱ በክፍተቱ ሾልኮ ይጠፋል። የሣጥኑ በሽታዎች ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ አይርቁም።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። እጅ ከማስገባት በፊት መኪናዋን በሜዳ ላይ ማቆም፣ ምላጩን የሚያዞረውን ማላቀቅ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ወደ ኪስ መክተትና የካንዴላውን ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ያልነው ለወግ አይደለም። ቺንጋና ፑሌጃ የሚገናኙበት ቦታ ጣትን ለመቁረጥ ከምላጩ ያላነሰ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሞተሩ ኀይል ሣጥኑ በር ድረስ ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ ቀርቷል? ይህን የሚነግረን በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ በሣጥኑ ራስ፣ ከፑሌጃው ጋር የምትዞር ትንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያ ናት። ሥራዋ ሣጥኑን ማቀዝቀዝ ነው፤ ለእኛ ግን ምስክር ሆና ታገለግላለች። አንዱ ሰው መኪናዋ ላይ ይቀመጥ፤ የመቀመጫው ማብሪያ ሰው ከሌለበት ሞተሩን ስለሚያጠፋ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ማብሪያውን በሽቦ አስሮ ማታለል ፈጽሞ አይገባም። ሌላው ሰው ሁለት ሜትር ያህል ከጎን ርቆ፣ ከኋላም ከፊትም ሳይሆን፣ በባትሪ መብራት በጎማውና በመቀመጫው መካከል ወደ ውስጥ ይመልከት። ነጂው ምላጩን ሳያስነሳ መርገጫውን ቀስ ብሎ ይርገጥ። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየሠራ ማራገቢያዋ ከዘገየች ወይም ከቆመች፣ ጥፋቱ ከሣጥኑ ውጭ ነው፤ ቺንጋውን እንጠይቃለን። ማራገቢያዋ በሙሉ ፍጥነት እየዞረች መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች ግን ቺንጋው ነጻ ነው፤ ምርመራው ወደ ሣጥኑና ከሣጥኑ ወዲያ ይሻገራል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ሳያደርጉት «ሞቷል» የሚሉ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

ስለ ቺንጋው። የዚህ ዐይነት ቺንጋ ጎኖቹ ሰያፍ ናቸው፤ ፑሌጃውንም የሚይዘው በጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። በአገልግሎት ብዛት ጎኖቹ ተበልተው ሲጠብ ወደ ፑሌጃው ቦይ ወለል ይወርድና በሆዱ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ያለው ይመስላል እንጂ አይዝም። የዚህ ምልክቱ የቦዩ ወለል እንደ መስተዋት ማብረቁ ነው። ጎኑ የጠቆረና ያንጸባረቀ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዘይት የነካው፣ ወይም ሲነሣ የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ቺንጋ ሁሉ ይለወጥ። ሲገዛም በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። በግምት የተገዛ ቺንጋ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ወይም ውፍረቱ ቢለይ፣ አዲስ ሆኖ ሳለ ይንሸራተታል፤ ገዢውም «አዲስ ቺንጋ አግብቼም አልሄደም፤ ስለዚህ ሣጥኑ ነው» ይልና ከስሕተት ወደ ስሕተት ይሄዳል።

ቺንጋው ደኅና ሆኖ የሚወጥረው ነገር ሊታመም ይችላል። ቺንጋውን የሚወጥር አንድ ፑሌጃ በሚወዛወዝ ክንድ ላይ ተሰክቶ በሞላ ይሳባል። ሞላው ሲላላ ወይም ሲበጠስ በሽታው ግልጽ ነው። በእኛ አስተያየት የበለጠ የሚያሳስተው ግን የክንዱ መገጣጠሚያ በዝገትና በደረቀ ሣር ተይዞ አለመመለሱ ነው፤ ሞላውን ያየ ሰው «ደኅና ነው» ብሎ ያልፋልና። ክንዱን በእጅ ገፍቶ ሲለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ፈትቶ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ነው። የወጣሪውን ፑሌጃ ኩሽኔታም በእጅ አዙሮ መስማት ያስፈልጋል፤ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ሊይዝ የተዘጋጀ ነው። የፍሬን መርገጫ ሲረገጥ ቺንጋው የሚላላባቸው መኪናዎችም አሉ፤ በነዚህ ላይ መርገጫው በሣር ተይዞ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ቺንጋው ግማሽ ልብ ሆኖ ይቀራል።

ማራገቢያዋ የምትዞር ከሆነ ቀጥለን የምንመለከተው ከመኪናዋ ኋላ ብቅ ያለችውን የማላቀቂያ ዘንግ ነው። ይህች ዘንግ ስትከፈት ዘይቱ ጎማውን ሳይገፋ እዚያው ይዞራል፤ መኪናዋንም ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ መግፋት ይቻላል። ማታ መኪናዋን ወደ መጋዘን የገፋው ሰው ከፍቷት ይሄዳል፤ ጧት ሌላው መጥቶ ያስነሣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አይዞርም። በአንዳንዱ መኪና ዘንጓ ስትሳብ፣ በሌላው ስትገፋ ነው የምትከፈተው፤ በአጠገቧ የተለጠፈውን ሥዕል ማየት ይበቃል። ዘንጓ ብትዘጋም ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኛት ሽቦ ታጥፎ ውስጡ ክፍት ሊሆን ስለሚችል አንድ ፈተና እንጨምር። በሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተለቆ፣ ዘንጓ ተዘግታ መኪናዋን በእጅ ብንገፋት አጥብቃ መቃወም አለባት። እንደ ሕፃን ጋሪ ከሄደች መንገዱ አንድ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ ዘንጓ ተከፍታ ፍሬኑም ተለቆ አልገፋም ብትል፣ ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቷልና ሣጥኑ ቀኑን ሙሉ ፍሬኑን ሲታገል ይውላል፤ በዚህም ይግላል፤ ይደክማልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህች ዘንግ ለእጅ ግፊት የተሠራች ናት። መኪናዋን በገመድ አስሮ በፒክአፕ መጎተት ጎማዎቹ ፓምፑን ወደ ኋላ እንዲነዱት ማድረግ ስለሆነ፣ ደኅናውን ሣጥን በአንድ ጉዞ ሊገድለው ይችላል። ዳገት ላይ ሆኖ ዘንጓን መክፈት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ መኪናዋን ቁልቁል የያዛት ያው ዘይት ነውና።

ቀጥሎ ከመርገጫው እስከ ሣጥኑ የሚደርሰው ዘንግ ይታይ። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ሌላው በሣጥኑ ጎን ያለው ክንድ ምን ያህል እንደ ሄደ ይመልከት። መገጣጠሚያዎቹ ከላሉ መርገጫው ወለል ሲነካ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሳህኑም በግማሽ ያዘነብላል፤ መኪናዋ የምትዘገየው ሣጥኑ ደክሞ ሳይሆን በሙሉ ልብ ስላልታዘዘ ነው። እግር ከመርገጫው ተነሥቶም መኪናዋ ቀስ እያለች የምትሄድ ከሆነ ክንዱ ከመካከለኛው ቦታ ፈቀቅ ብሏል፤ ይህ ለፍጥነት ሳይሆን ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ሳይስተካከል አይሠራባትም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጥፋት ግን በጎማው እምብርት ላይ ያለው ነው። ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው አንድ ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ሽብልቅ ብቻ ነው። እሱ ሲቆረጥ ወይም ወድቆ ሲጠፋ ዘንጉ ይዞራል፤ ጎማው ይቆማል። አንባቢ ሆይ፣ «አንዱ ጎማ ቢቀር ሌላው ለምን አይነዳም?» ትል ይሆናል። መልሱ ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል መኪናዋ ስትጠመዘዝ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል የማርሽ ዘዴ ሲሆን፣ ጠባዩ ግን ዙሩን መቃወም ወደ ሌለበት ወገን መስጠት ነው። ሽብልቁ የተቆረጠበት ዘንግ ምንም ሸክም ስለሌለበት ዙሩን ሁሉ ይወስዳል፤ ደኅናው ጎማ ቆሞ ይመለከታል። መመርመሪያው ጠመኔ ነው። የጎማውን መሸፈኛ ቆብ አንሥቶ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጎማው እምብርት አንድ ቀጥተኛ መስመር ማስመር፣ ከዚያ ጥቂት ሜትር ለመንዳት መሞከርና መመልከት ነው። መስመሩ ለሁለት ከተለያየ፣ «የሞተው ካምቢዮ» አንድ ሽብልቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ አየርን እንጠረጥራለን፤ በተለይ መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ቆማ ከነበረ ወይም ዘይቷ ተለውጦ ከሆነ። ሣጥኑ ያፏጫል፤ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ትሄዳለች፤ ወደፊትም ወደ ኋላም ትደክማለች። አየሩን ለማስወጣት ቀላል ሥርዓት አለ። የማላቀቂያዋ ዘንግ ተከፍታ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ መርገጫውን ወደፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያሉ አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ዘንጓን መዝጋት፤ እንደገና አስነሥቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት፣ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ መንዳት ነው። ዝርዝሩ እንደ መኪናዋ ዐይነት ስለሚለይ መጽሐፏ ካለ እሱ ይቅደም።

አሁን የቀረው ሣጥኑ ራሱ ነው፤ እሱንም የሚያጋልጠው ሙቀት ነው። ጧት ቀዝቃዛ ሳለች ዳገቱን እየዘለለች የምትወጣ መኪና፣ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ በዚያው ዳገት ላይ ስትለግም፣ ማራገቢያዋም በሙሉ ፍጥነት ስትዞር ከታየች፣ ጥርጣሬው ከባድ ነው። የማራገቢያዋ ፈተና በብርድም በሙቀትም ሁለት ጊዜ መደረግ ያለበት ስለዚህ ነው። ዘይቱ ግሎ ቀጥኗል፤ የተበላው ክፍተት አሳልፎታል። ቢሆንም ቅጣቱ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ይግባኞች አሉ። አንደኛው ንጽሕና ነው። የሣጥኑ አካል ክንፍ ክንፍ ያለው ሙቀቱን ወደ አየር እንዲሰጥ ነው፤ ክንፎቹ በሣርና በአፈር ተደፍነው፣ ከማራገቢያዋም ሁለት ሦስት ምላስ ተሰብሮ ከሆነ፣ ሣጥኑ በበጋ ፀሐይ ብርድ ልብስ ለብሶ እንደሚሠራ ቍጠሩት። ሁለተኛው ዘይቱ ነው። በፋብሪካው የገባው ዘይት ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ቆይቶ ከሆነ፣ አዲስ ዘይት የተወሰነ ጉልበት ሊመልስ ይችላል።

ዘይቱን መለወጥ ግን በሁሉም ዘንድ እኩል ቀላል አይደለም። ማፍሰሻና ማጣሪያ ያላቸው ሣጥኖች አሉ። በሌላው በኩል በቴኔሲ ክፍለ ሀገር በሞሪስታውን ከተማ ያለው ታፍ ቶርክ የተባለው ፋብሪካ የሚያወጣው ኬ46 የተሰኘ ሣጥን ማፍሰሻ የለውም፤ ዘይቱን ለማውጣት ሣጥኑን ከመኪናዋ አውርዶ መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህ ሣጥን በአረንጓዴዎቹ የጆን ዲር መኪናዎችም በብርቱካናማዎቹ የሁስክቫርና መኪናዎችም ላይ ተገጥሞ ስለሚገኝ፣ «የእኔ ከአንተ ትበልጣለች» እያሉ በቀለም የሚከራከሩ ወዳጆቻችን አንዳንድ ጊዜ የሚከራከሩት በአንድ ሣጥን ላይ ነው። የወጣውን ዘይት በነጭ ዕቃ ተቀብሎ ማየት ብዙ ይናገራል፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ በፀሐይ ሲያዩት የብረት ብናኝ ካብረቀረቀበት መበላቱ ጀምሯል። የሚገባው የዘይት ዐይነት በመጽሐፉ የተወሰነ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተገኘውን ዘይት ሁሉ ማፍሰስ አይገባም።

ከነዚህ ሁሉ በኋላም ስትግል የምትለግም ከሆነች እንግዲህ በእውነት ሣጥኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሙሉ ይለወጣል።

የማርሽ ሣጥን ስላላቸው አሮጌ ማጨጃዎች የምንለው አጭር ነው። በነሱ ላይ ስለ ቺንጋ፣ ስለ ወጣሪና ስለ ሽብልቅ የተናገርነው ሁሉ እንዳለ ይሠራል። ማርሹ ገብቶ በራሱ እየወጣ ካስቸገረ መለወጫው ዘንግ ይስተካከል፤ እምቢ ካለ የውስጡ ጥርስ ተበልቷል። እነዚህን መኪናዎች እየነዱ ማርሽ መለወጥ ክልክል ነው፤ ቆሞ መለወጥ ነው። የአገር ቤት ሾፌርነት ልማድ ያለው ሰው ይህን ሳያስብ ያደርገዋልና ይጠንቀቅ።

ስለ ዳገት ሳንናገር ብናልፍ ግን ዋናውን ትተን ሄድን ማለት ነው። የብዙዎቹ መኪናዎች መጽሐፍ ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ አትንዱ ይላል፤ አንዳንዱም ከዚህ ያነሰ ይወስናል። 15 ዲግሪ ማለት በየአንዳንዱ ሜትር 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ማለት ነው፤ በእግር ሲወጡት ቀላል ይመስላል። የመኪናዋ ኀይል ማስተላለፊያ የደከመ እንደ ሆነ ግን ዳገት መካከል መቆም ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ መንሸራተት ይመጣል። ነጂው ይደነግጣል፤ መሪውን ይጠመዝዛል፤ ወርዷ ወደ ቁልቁለት የዞረች መኪናም ትገለበጣለች። ብዙዎቹ ነጂውን የሚከላከል የብረት ቅስት የላቸውም። ስለዚህ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይታጨድም፤ ስትለግም የተገኘች መኪናም ምርመራዋ እስኪያልቅ ድረስ ከሜዳ በቀር አትወጣም። ኀላፊው «ዛሬን ብቻ ጨርስልኝ» ቢል እንኳ መልሱ «የሜዳውን እጨርሳለሁ» ነው።

መቼም ኀላፊዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ባለፈው ዓመት ከወንድሞቻችን አንዱ በአንድ የሣር ማጨድ ድርጅት ሲሠራ መኪናዋ ቆመችበት። «ሣጥኑን አቃጥለሃል፤ ከደመወዝህ ይቆረጣል» ተባለ። እሱም ጭቅጭቅ ትቶ የሥራው መዝገብ እንዲመጣለት ጠየቀ፤ ከእሱ በፊት የነዱት ሁለት ሰዎች «ዳገት ላይ ትንሸራተታለች» ብለው ጽፈው ነበር። ከዚያ በኀላፊው ፊት የማራገቢያዋን ፈተና አደረገ። ማራገቢያዋ ቆመች። ቺንጋውን የሚወጥረው ክንድ ዝጎ ተይዞ ተገኘ፤ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ሥራ ላይ ዋለች፤ ስለ ደመወዙም ዳግመኛ የተናገረ የለም።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው በፌዴራሉ የሠራተኛ ደመወዝ ሕግ መሠረት፣ በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ለተሰበረ የአሠሪ ዕቃ የሚደረግ ቅናሽ የሠራተኛውን ክፍያ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ሊያወርደው ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ሊነካ አይችልም፤ ከዚህም በላይ የሚያጠብቁ ክፍላተ ሀገር አሉ። ስለዚህ መኪና በተረከባችሁ ጧት ያገኛችሁባትን ጉድለት ሁሉ ከቀኑ ጋር በመዝገቡ ጻፉ፤ ቀዝቅዛ ሳለች ነው ወይስ ግላ፣ በሜዳ ነው ወይስ በዳገት፣ ማራገቢያዋ ትዞራለች ወይስ ቆማለች። መዝገብ የማይያዝበት የሥራ ቦታ ከሆነ በገዛ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

በእውነት የሞተ ሣጥን ያገኘ አባል ካለ ደግሞ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ከመጣሉ በፊት ያስታውቀን። ያዘነበለችውን ሳህን በሥዕል ከማየት ከፍቶ በእጅ መዳሰስ ይሻላልና፣ በሚመጣው መስከረም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን በጠረጴዛ ላይ ፈትተው ለሚፈልግ ሁሉ ያሳያሉ።